የመጀመሪያ ፍቅርና የጉርምስና ልብ ወለድ፦ ወሎ ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች ደጋግመው የሚያነሡት በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያና በአካባቢው የሚኖሩ ወጣት አንባቢዎች፣ ልብ ወለድ ለመጻፍ የተነሡ ጀማሪዎችና ልጆቻቸው የሚያነቡት ነገር የሚያሳስባቸው ወላጆች ናቸው። አንዳንዱ መልስ የታወቀ ነገር ሲሆን አንዳንዱ የጸሐፊው ፍርድ ነው፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አንባቢ በቀላሉ ይለየዋል።

የወጣቶች ልብ ወለድ ከሌላው የፍቅር ልብ ወለድ በምን ይለያል?

ልዩነቱ ገጸ ባሕርያቱ ወጣቶች መሆናቸው ብቻ አይደለም። የወጣቶች ልብ ወለድ የሚባለው በአብዛኛው ከ12 እስከ 18 ዓመት ለሚደርስ አንባቢ ታስቦ የሚጻፍ፣ ዋናው ገጸ ባሕርይም በዚያው ዕድሜ የሚገኝ፣ ከሁሉም በላይ ግን ነገሩን ከዚያ ዕድሜ ውስጥ ሆኖ የሚያይ ታሪክ ነው። የአርባ ዓመት ሰው «ልጅ ሳለሁ እንዲህ ያለ ሞኝነት ሠርቼ ነበር» እያለ የሚተርከው መጽሐፍ እጅግ ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን እርሱ የትዝታ መጽሐፍ ነው። በወጣቶች ልብ ወለድ ውስጥ ያለችው የ16 ዓመት ልጅ ነገ ምን እንደሚገጥማት አታውቅም፣ ተራኪው ከእርሷ ቀድሞ አይፈርድም፣ አንባቢዋም ከጎኗ ሆና አብራት ትሳሳታለች።

ይህ ዓይነት አጻጻፍ ከየት መጣ?

ስለ አንድ ሰው ከልጅነት ወደ ሙሉ ሰውነት መሸጋገር የሚተርክ ልብ ወለድ በአውሮፓ ረጅም ታሪክ አለው፤ ጀርመናዊው ጎተ በ1795 እና በ1796 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የቪልሄልም ማይስተር ታሪክ ለዘርፉ ዋና አብነት ተደርጎ ይጠቀሳል። ለወጣት አንባቢ ተለይቶ የሚጻፈው ግን የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። አሜሪካዊቷ ሞሪን ዴሊ ኮሌጅ ሳለች የጻፈችውና የአንዲትን የ17 ዓመት ልጅ የአንድ በጋ ፍቅር የሚተርከው መጽሐፍ በ1942 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ኤስ. ኢ. ሂንተን ደግሞ በ15 ዓመቷ የጀመረችውን ልብ ወለድ በ1967 እ.ኤ.አ. ለአንባቢ አቀረበች። ሁለቱም ከሚጽፉለት ዕድሜ ገና ሳይርቁ መጻፋቸው እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም።

በአማርኛስ አለ?

ፍቅርን የሚተርኩ የአማርኛ ልብ ወለዶች ብዙ ናቸው፤ ለወጣት አንባቢ ተብሎ የሚጻፈው ግን ራሱን ችሎ የቆመ ዘርፍ ሆኗል ለማለት አያስደፍርም። የአማርኛ ልብ ወለድ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ካሳተሙት ሥራ ጀምሮ ሲቆጠር ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜም ወጣት አፍቃሪዎች ከገጾቹ ጠፍተው አያውቁም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ብንወስድ፣ የበዛብህ በወላጆቹ ስለት ለቤተ ክርስቲያን መሰጠት፣ አስተማሪ ሆኖ ከገባበት ቤት ከሰብለ ወንጌል ጋር መዋደዱ፣ የአባቷ የዘር ትምክሕት ሁሉ ለወጣቶች ልብ ወለድ የሚበቃ ነገር ነው። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ሁለቱን የሚያያቸው ከፍ ካለ ቦታ፣ ሥርዐቱን በሚመዝን ዐይን ነው። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሊያነበው ይገባዋል፤ ለእርሱ ብቻ ተብሎ የተጻፈ ግን አይደለም። (በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ሰምቶት መጽሐፉን ያነበበ የሚመስለው ሰውም ጥቂት አይደለም።)

የመጀመሪያ ፍቅርና ማደግ ለምን ሁልጊዜ አብረው ይመጣሉ?

አንድ ልጅ እስከዚያ ዕድሜ ድረስ ያለውን ሁሉ ያገኘው ከቤተሰቡ ነው። ስሙን፣ ሃይማኖቱን፣ የሚማርበትን ትምህርት ቤት፣ የሚጠራቸውን አጎቶችና አክስቶች የመረጠው እርሱ አይደለም። መጀመሪያ የሚወደው ሰው ግን ማንም ያልሰጠው፣ ብዙውን ጊዜም ቤቱ ቢጠየቅ ኖሮ የማይፈቅድለት የራሱ ምርጫ ነው። በዚህ ምክንያት ከቤቱ ጋር ያለው ግንኙነት በአንድ ጊዜ ይለወጣል፤ የሚደብቀው ነገር ይኖረዋል፣ የሚዋሽበት ምክንያት ያገኛል፣ የእናቱን ፊት እንደ ባዕድ ፊት ማጥናት ይጀምራል። ጥሩ የወጣቶች ልብ ወለድ የሚኖረው በዚህ ለውጥ ውስጥ ነው። ታሪኩን «ይጋቡ ይሆን ወይስ ይለያዩ?» በሚል ጥያቄ ብቻ የሚጎትት ጸሐፊ አንባቢውን እስከ መጨረሻው ገጽ ሊያደርሰው ይችላል፤ ከመጽሐፉ በኋላ ግን የሚያሳስበው ነገር አይተውለትም። ጠንካራው ጥያቄ «ይህን ካደረገች በኋላ በዚያው ቤት፣ በዚያው ገበታ ላይ እንዴት ትቀመጣለች?» የሚለው ነው።

ወሎ ለእንዲህ ያለ ታሪክ የተለየ ምን አላት?

ይህን የሚጠይቁ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ መልሱን የሚጠብቁት ስለ ወሎ ቁንጅና ከተዘፈነው ዘፈን ነው። ወሎን በቁንጅና ብቻ የሚያውቅ ልብ ወለድ ለመጻፍ ግን ወሎን ማየት አያስፈልግም። ከዚያ ይልቅ ጸሐፊ ሊያስብባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

አንደኛው ዜማው ነው። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች መካከል አምባሰልና ባቲ የሚጠሩት በዚህ ምድር ስም ነው። እዚህ ያደገ ልጅ ፍቅር ምን እንደሆነ በራሱ ከማወቁ በፊት እንጉርጉሮውን ያውቀዋል፤ ማንም ሳይለየው መለየት የደረሰበት ሰው ቃል በአፉ አለ። ለጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ዕድል የለም፤ ምክንያቱም ልጁ በመጀመሪያ የወረሰውን ግጥም የራሱ ስሜት አድርጎ ያምናል፣ እውነተኛው መለየት ሲመጣ ደግሞ ያ ሁሉ የሚያውቀው ግጥም አልበቃው ይላል። ይህ ክፍተት ብቻውን አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ሁለተኛው የበዓላቱ አቆጣጠር ነው። ከነሐሴ 16 ጀምሮ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በዋግ ሻደይ እየተባለ የሚከበረው የልጃገረዶች ጨዋታ፣ ሴት ልጅ ከቤት ወጥታ ከእኩዮቿ ጋር በአደባባይ የምትዘፍንበት፣ የምትታይበትና እርሷም የምታይበት ጊዜ ነው። መስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም የሚደረገው ጉዞም እንዲሁ ከተለያየ ቀበሌ የመጡ ወጣቶችን በአንድ ዳገት ላይ ያገናኛል። በየዓመቱ የሚመለስ በዓል ለጸሐፊ ጥሩ መለኪያ ነው፤ አምና ትንሿ ሆና የተሰለፈችው ልጅ ዘንድሮ ፊት ሆና ስትመራ አንባቢ መብሰሏን ያለ ምንም ማብራሪያ ያየዋል።

ሦስተኛው መንገዱ ነው። ከደሴ ብርድና ጉም ተነሥቶ በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ሹራብ ለብሶ የተሳፈረ ልጅ ግን ሹራቡን በእጁ ይዞ ይወርዳል። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ቢቀጥል ደግሞ አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ሰኞ ሰኞ የሚገበያዩበትን የባቲን ገበያ ያገኛል። በግማሽ ቀን ውስጥ አየሩ፣ አለባበሱና ቋንቋው የሚለወጥበት አገር ከቤት ርቆ ለማያውቅ ወጣት ታሪክ ተስማሚ ነው። የጦሳን ተራራ በየገጹ የሚያወሳ፣ ፒያሳን የሚጠራ፣ ነገር ግን ገጸ ባሕርይው ሲበርደው የማናይበት ረቂቅ ስለ ደሴ የተጻፈ አይባልም።

አንዱ ሙስሊም አንዷ ክርስቲያን ቢሆኑስ? ታሪኩ ሌሎችን አያስቀይምም?

ርእሱ በራሱ አያስቀይምም፤ የሚያስቀይመው አላዋቂነት ነው። ወሎ ውስጥ ተስፋዬ መሐመድ ወይም ሰይድ ገብሬ የሚባል ሰው ቢገጥም የሚገረም የለም። ሁለቱ ሃይማኖቶች በአንድ ዘር ሐረግ ውስጥ ይገኛሉ፤ ጎረቤት ለጎረቤት በዓል ይጠያየቃል፣ ለቅሶ አብሮ ይቀመጣል። በዚያው ልክ ድግስ ሲደገስ ለሁለቱም ወገን ለየብቻ ይታረዳል፣ ድስቱም ለየብቻ ነው። በዚህ መካከል ያደገ ልጅ መቀራረቡንም ወሰኑንም አንድ ላይ ተምሯል፤ ማንም ቁጭ አድርጎ ባያስተምረውም እጁን ከየትኛው ሳህን እንደሚሰበስብ ያውቃል።

ጀማሪ ጸሐፊዎች እዚህ ላይ በሁለት መንገድ ሲስቱ ይታያል። አንዳንዶቹ ወንድም ጩቤ የሚመዝበት፣ አባት የሚራገምበት ድራማ ከሌላ አገር ፊልም አምጥተው ይጭኑበታል። ሌሎቹ ደግሞ ወሎ የመቻቻል አገር ናት በሚል መፈክር ችግሩን ከነጭራሹ ያጠፉታል። በእውነተኛው ቤት ውስጥ ያለው ግን ከሁለቱም ይረቅቃል፤ ልጁን ዕቃ ሊያደርስ ሲመጣ ቡና አጠጥታ «አብሽር ልጄ» ብላ የምትሸኝ እናት፣ ነገሩን ከሰማች በኋላም ቡናውን አትከለክለውም፤ «ልጄ» የሚለውን ብቻ ትተወዋለች።

ታሪኩን ከሁለት አንዱ ሃይማኖቱን በመለወጡ ለመፍታት የሚያስብ ጸሐፊ ደግሞ የሚጽፍበትን ምድር ታሪክ ማስታወስ ይኖርበታል። ከደሴ ብዙ በማትርቀው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን በተደረገው የሃይማኖት ጉባኤ ማግስት የወሎ ሙስሊም መኳንንት እንዲጠመቁ ተደርጓል፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት ገዥ ራሳቸው አስቀድሞ መሐመድ ዓሊ ነበሩ። ሃይማኖት መለወጥ እዚህ አገር የአያት ቅድመ አያት ታሪክ አለበትና በአንድ አንቀጽ ተጠቅልሎ እንደ መልካም ፍጻሜ ሊቀርብ አይችልም።

ልጄ የፍቅር ልብ ወለድ እያነበበች ነው። ልከልክላት?

መጽሐፉን አስቀድመው ቢያነቡት ከመከልከል ይሻላል። የ15 ዓመት ልጅ ስለ ፍቅር የምታስበው መጽሐፍ ስላነበበች አይደለም፤ መጽሐፉ ቢወሰድባትም ስልኳ ውስጥ የሚጠብቃት ነገር ከመጽሐፉ የተሻለ መሆኑ ያጠራጥራል። ጥሩ ልብ ወለድ፣ እምቢ ማለት እንዴት እንደሚከብድ፣ ማቆላመጥ ከፍቅር በምን እንደሚለይ፣ ቀናተኝነት መውደድ ተብሎ እንዴት እንደሚሸጥ ከሩቅ ሆና እንድታየው ያደርጋል። እነዚህን ነገሮች በአብዛኛው ቤት ውስጥ ማንም አያነሣላትም፤ እናትም ታፍራለች፣ አባትም ይቆጣል።

የወላጅ ሥጋት ልክ የሚሆንባቸው መጻሕፍት እንዳሉ ግን መካድ አይገባም። ትዳር የያዘ ወይም በዕድሜ እጅግ የሚበልጥ ሰው፣ አስተማሪ ይሁን ባለሀብት፣ ተማሪን ሲያሳድድ እንደ ታላቅ ፍቅር አድርገው የሚያቀርቡ ልብ ወለዶች አሉ። ችግሩ ታሪኩ መነገሩ አይደለም፤ ይህ በሕይወት ያለ ነገር ነው። ችግሩ መጽሐፉ ከአሳዳጁ ጋር መወገኑ ነው። ወላጅ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲያገኝ ከመቅደድ ይልቅ «ይህ ሰውዬ ምን ይመስልሻል?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ነገር ይሰማል።

ዕድሜያቸው ከ18 በታች ስለሆኑ ገጸ ባሕርያት ምን ያህል መጻፍ ይቻላል?

ስለ ስሜታቸው የፈለጉትን ያህል፤ ስለ ገላ ግንኙነት ግን ምንም። ይህ ለታሪኩ ጉዳት የለውም። በዚህ ዕድሜ የሚያንቀጠቅጠው ነገር መተያየት፣ በአንድ ወንበር መቀመጥ፣ ደብተር ውስጥ የተገኘ ወረቀት ነውና ጸሐፊው በእነዚህ ላይ በትዕግሥት ቢቆይ ያተርፋል።

ጋብቻን በተመለከተ ታሪኩ የተቀመጠበት ዘመን ወሳኝ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ማግባት ትችል ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የሁለቱንም ጾታ ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል፣ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም እንዲሁ። ስለዚህ በ1960ዎቹ ወረኢሉ ላይ የምትዳር ልጅና ዛሬ ተንታ ላይ የምትዳር ልጅ አንድ ዓይነት ታሪክ የላቸውም፤ የዛሬዋ የሚደበቅላት ዕድሜ፣ የሚጠየቅ ወላጅ፣ ምናልባትም ነገሩን የሚያሳውቅ አስተማሪ አላት።

የዛሬ ወጣትን ታሪክ በምን ዙሪያ መገንባት ይቻላል?

የትምህርት ቤቱ ዓመት ራሱ ግንብ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ብሔራዊ ፈተናውን የወሰዱት በዩኒቨርሲቲ ግቢ እያደሩ ነው። ከአንድ የገጠር ወረዳ የመጣ ልጅ ከእናቱ ቤት ውጭ የመጀመሪያ ሌሊቱን የሚያድርበት፣ ስልክ የማይያዝበት፣ የሚወዳት ልጅ በሌላ ሕንፃ ውስጥ መሆኗን እያወቀ የሚያነብበት እነዚያ ቀናት እስካሁን በልብ ወለድ እምብዛም ያልተነኩ ናቸው። ውጤት የሚወጣበት ቀንም ብዙ ጥንዶችን ያለ ጠብ ይለያል፤ አንዱ ያልፋል፣ ሌላው ይቀራል።

ስደትስ?

ስደት በወሎ የወጣቶች ታሪክ ውስጥ በጓሮ በር የሚገባ ነገር አይደለም። ከሐብሩ፣ ከቆቦና ከሌሎችም ወረዳዎች ልጃገረዶች ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገር ይሄዳሉ፤ አንዳንዶቹ ፓስፖርት ላይ ዕድሜ ጨምረው፣ ወንዶቹም በጅቡቲና በየመን በኩል በእግርና በጀልባ። ከ9ኛ ክፍል ወንበሯ ላይ ድንገት የጠፋች ልጅ የብዙ ክፍል ትዝታ ናት። ልብ ወለዱ ብዙውን ጊዜ የሚከተለው የሄደችውን ነው፤ እኔ ግን የቀረውን ልጅ የሚከተል መጽሐፍ ማንበብ እመርጣለሁ። እርሷ በአንድ ዓመት ውስጥ ቤተሰብ የምታስተዳድር ሰው ትሆናለች፣ ለወንድሟ ደብተር ለአባቷ በሬ የምትገዛ። እርሱ ገና 10ኛ ክፍል ነው፤ በድምፅ መልእክት ስትስቅ ይሰማታል እንጂ ምን እንደሆነች አያውቅም። ሁለቱም በዚያው ዕድሜ ላይ ሆነው አንዷ አድጋ አንዱ መቅረቱ ከማንኛውም የተቃና ሤራ የበለጠ ያሳምማል።

ጦርነቱን ማስገባት አለብኝ?

ታሪክዎ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በወልድያ፣ በደሴ ወይም በኮምቦልቻ የሚሆን ከሆነ ሊያልፉት አይችሉም፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ቤተሰብ ተበትኗል። ከሌላ ጊዜ ከሆነ ግን ለማስለቀስ ብቻ አያስገቡት። የ1966ቱና የ1977ቱ ረኀብም እንዲሁ ነው፤ ወሎ በሌላው ዓለም ዘንድ በእነዚያ ሥዕሎች ብቻ ስለታወቀ ጸሐፊው ሳያስበው የውጭ ሰው ዐይን ሊዋስ ይችላል። አያት በጨዋታ መሐል ስለ 77 አንድ ዐረፍተ ነገር ጣል አድርጋ ወደ ሥራዋ ብትመለስ ለወጣቱ አንባቢ ይበቃዋል።

ንግግሩን በምን ዓይነት አማርኛ ልጻፈው?

ትረካው በጽሑፍ አማርኛ ቢሆን ችግር የለውም፤ ንግግሩ ግን የተናጋሪው ይሁን። ክርስቲያኑም ልጅ «ወላሂ» ብሎ ሲምል የሚሰማበት ከተማ ውስጥ ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ እንደ ዜና አንባቢ ቢነጋገሩ አንባቢ ያኮርፋል። ልጅ አባቱን አንቱ ይል እንደሆነ፣ እናቱን አንቺ እያለ አክስቱን እርስዎ ይል እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል፤ ከቤት ቤት ይለያያልና። ወጣቶቹ በስልክ የሚጻጻፉትን መልእክት ሲያስገቡ ጥቂት ብቻ ያስገቡ፣ የመልእክት ፈሊጥ ቶሎ ያረጃል።

ርዝመቱ ስንት መሆን አለበት?

በእንግሊዝኛ ለዚህ ዘርፍ የተለመደው ከ50 ሺህ እስከ 80 ሺህ ቃል ነው። የአማርኛ አንድ ቃል ብዙ ስለሚሸከም ያንኑ ታሪክ በጣም ባነሰ ቃል መጨረስ ይቻላል።

በሰፈራችን የሆነውን እውነተኛ የፍቅር ታሪክ ብጽፈውስ?

ስም መለወጥ ብቻውን አይበቃም። ደሴን በሚያህል ከተማ እንኳ ሱቁን፣ የአባቱን ሥራና የሞተውን ወንድም ያነበበ ሰው ባለቤቱን ያውቀዋል፤ የምትጎዳውም በአብዛኛው ሴቲቱ ናት። ግጭቱን ይውሰዱ፣ ሰዎቹን ግን ከእንደገና ይፍጠሩ።

መጽሐፎችን በቴሌግራም በፒዲኤፍ ማግኘት ይቻላል። ማንበብ ችግር አለው?

አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ ያለ ፈቃድ ማሰራጨት ሕገወጥ ነው። የመጽሐፍ ዋጋ ለተማሪ ከባድ እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ለሦስት ለአራት ሆኖ አንድ ቅጂ መግዛትና መዋዋስ ወይም የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት መጠየቅ ይቻላል።

ረቂቄን ለማን ላስነብብ?

በመጀመሪያ ለአማርኛ አስተማሪ አይደለም፤ እርሱ ሰዋስውን ያርማል፣ ያም በጊዜው ያስፈልጋል። አስቀድመው በገጸ ባሕርይዎ ዕድሜ ላሉ፣ ከተቻለም አንዷ ሴት አንዱ ወንድ ለሆኑ ሁለት አንባቢዎች ይስጧቸው። «ወደዳችሁት?» ብለው አይጠይቁ፤ በይሉኝታ አዎ ይላሉ። የት ላይ ማንበብ እንዳቋረጡና የትኛው ንግግር እንዳሳቃቸው ይጠይቋቸው። መሳቅ በማይገባቸው ቦታ ከሳቁ፣ ያ ገጽ ላይ የሚናገረው ገጸ ባሕርይው ሳይሆን እርስዎ ነዎት።